«ደህና ነኝ ኮች»

ጅማ ውስጥ ለታዳጊ የሩጫ ሰልጣኞች፣ ለወላጆቻቸውና ለአሰልጣኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።

አከም ጂርቱ። እንደምን አረፈዳችሁ።

ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መቼም ጅማ ላይ በዝናብ የሚቀር ሰው ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ አይወጣም። ወላጆች፣ ከፊት ወንበር አለ፣ ኑ ቅረቡ። ልጆቹ መሬት ላይም ይቀመጣሉ፣ ለእነሱ አታስቡ።

አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ «ስለ ጽናት ንገሪልን» ነው ያሉኝ። ሯጭ የነበረ ሰው በተጠራበት ሁሉ የሚታዘዘው ይህንኑ ነው። እሺ ብዬ ነበር። ማታ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን እጄ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ሆነ፤ መቅረት ሲገባኝ የሮጥኩት አንድ ውድድር። እሱን ላውራችሁ። አዘጋጆቹ ይቅር በሉኝ።

ነገሩ ብዙ ዓመት አልፎታል። ያኔ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ውስጥ እሮጥ ነበር። ታኅሣሥ ላይ አክስቴ አርፋ ለለቅሶ አሰንዳቦ መጣሁ። የግልገል ጊቤን አካባቢ ወባ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለቀስተኛው ብዙ፣ አጎበሩ ጥቂት። አጎበሩ ለአሮጊቶችና ለሕፃናት ተሰጠ፣ እኛ ወጣቶቹ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሌሊት አደርን። ካምፕ በተመለስኩ በሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ሱሉልታ ላይ ረጅሙን ሩጫ ጨርሰን መኪና ውስጥ ስገባ መንቀጥቀጥ ያዘኝ። የሱሉልታ ብርድ ነው ብዬ ጋቢ ደረብኩ። በማግስቱ አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። አምስት ቀን ዋጥኩት። በአምስተኛው ቀን እናቴ በስልክ ድምፄን ሰምታ «ይሄማ ወባ ነው፤ ከለቅሶው ነው ያመጣሽው» አለች። ደሜ ሲታይ እንዳለችው ሆነ። የጅማ ልጅ ሆኜ ወባዬን በስልክ መመርመሬ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ይሳቅበታል።

ኮአርተም ሦስት ቀን ወሰድኩ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሽሮ አምሮኝ በላሁ፣ በቃ ድኛለሁ አልኩ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። የወባ ተውሳክ የሚኖረው ቀይ የደም ሕዋሳችን ውስጥ ነው። እዚያ ገብቶ ይራባል፣ ሲበዛ ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል፣ ወደ ሌላው ይገባል። የሚያንቀጠቅጠን ያ ሲፈርስ ነው። ከሳንባችን ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ እግራችን የሚያወርደው ደግሞ ይኸው ቀይ ሕዋስ ነው። መድኃኒቱ ሌባውን ከቤት ያስወጣል፣ የተሰረቀውን ዕቃ ግን አይመልስም። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ እስከ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ያለጊዜው ያለቀውን መቅኒያችን በአንድ ሌሊት አይተካውም፣ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሱቅ የሚቀመጥ ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል፣ ምናልባት ደረጃ ሲወጣ ትንሽ ያለከልከዋል። ሯጭ ግን የምትኖረው በዚያ ሕዋስ ነው። በዚያ ላይ እኔ ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ። ልምምድ ስናቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ የደማችን ፈሳሽ መጠን ይቀንሳል፣ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ያንሳል። ስለዚህ ያለኝ ደም ጥቂት ነው፣ ያም ጥቂት በደንብ አይዞርም።

እኔ የማውቀው ግን ትኩሳቱ መልቀቁን ብቻ ነበር።

የጃንሜዳ አገር አቋራጭ አራት ሳምንት ቀርቶታል። የዓለም አገር አቋራጭ ባለበት ዓመት ብሔራዊ ቡድኑ የሚመረጠው ከዚያ ነው፤ ለእኛ ጃንሜዳ ማለት የዓመቱ በር ማለት ነው። ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኛችን ሜዳ ዳር ጠሩኝና «እንዴት ነሽ? ኮንዲሽን እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ኮች።»

ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኛ ዘንድ «እንዴት ነህ» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና፣ አልሃምዱሊላህ። አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ጠያቂ ሲመጣበት «እንዴት አደርክ» ሲባል «ደህና» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ያመመውን የሚናገረው። አሰልጣኜ የጠየቁኝ በሰላምታ ቋንቋ ነበር፣ እኔም በሰላምታ ቋንቋ መለስኩ። እሳቸው መልሱን እንደ ሪፖርት ወሰዱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን እኔ የደበቅኩ አልመሰለኝም ነበር፣ ጨዋ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ።

አይ፣ ሁሉንም በባህል ላሳብብ አልፈልግም። ደመወዝና ካሎሪ የምንለው የምግብ አበል አለ። ውል የሚታደሰው በውጤት ነው። ጃንሜዳ ያልሮጠች ልጅ ሰኔ ላይ ስሟ ሲጠራ ምን ታሳያለች? እናቴ ጋ በየወሩ የምልካት ትንሽ ብር ነበረች። አሰልጣኞች፣ አንድ ልጅ «ደህና ነኝ» ስትላችሁ ከኋላዋ ስንት ሰው ቆሞ እንደሚያስብላት አስቡ።

አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ተጠባባቂ ነበረች፣ እኔ ብቀር የምትገባው እሷ ናት። ያን ወር ሙሉ ስትሠራ አይቻታለሁ፤ እንጦጦ ላይ ፋርትሌክ፣ ፍጥነት እየቀያየሩ የሚሮጡትን ልምምድ፣ ስንሠራ እኔ እግሯን መከተል አቅቶኝ ከኋላዋ እቀር ነበር። ይህን በዓይኔ እያየሁ ነው «ደህና ነኝ» ያልኩት።

የውድድሩ ቀን ማሟሟቅ ላይ ላቤ ቀዝቃዛ ነበር። ጃንሜዳ ከጅማ ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል፤ እኛ 1,750 ሜትር አካባቢ ነን፣ እዚያ አየሩ ይሳሳል። ግን ዓመታት የሠራሁበት ከፍታ ነው፣ በእሱም አላሳብብም። ቱታዬን አውልቄ ስሰጥ የተቀበለችኝ ያቺው ተጠባባቂ ናት። «በርቺ» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር ከመሪዎቹ ጋር ሄድኩ። እግር ስትከተሉ አእምሮ ያርፋል፣ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ክፍተት መጣ። አምስት ሜትር፣ አሥር ሜትር። ያመመኝ ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ፣ ሕመም ምክንያት ይሆናል። ምንም አላመመኝም። እግሬን እጠራዋለሁ፣ አይመጣም። ደረቴ ውስጥ አየር አለ፣ ወደ ታች አይወርድም። ገመዱ ዳር የቆመው ሕዝብ መጀመሪያ «ግፊ! ግፊ!» ይል ነበር፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ወደ «አይዞሽ» ተለወጠ። ከኋላ ስትቀሩ «አይዞሽ» ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስጨርስ ከኋላዬ አራት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ለክለባችን ነጥብ ልይዝ ነበር የገባሁት፤ ቡድኑ የእኔን ነጥብ ሳይቆጥር ለሜዳሊያ የሚበቃ አልሆነም፣ ቢቆጥርም የሚጠቅም አልነበረም። ያቺ ልጅ ቱታዬን ይዛ መጣች። ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ፣ ዚፑንም ዘጋችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አቴንስ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ የተረከዙ ጅማት እያመመው ሮጦ አምስተኛ ሲወጣ ብዙዎቻችን ያለቀስነው ለእሱ ነው። (ጅማ ተወልዶ ስለ ጅማት ማውራት አይቀርም።) እኔ ግን ያን ውድድር ባሰብኩ ቁጥር የሚታዩኝ ቀነኒሳና ስለሺ ናቸው፤ ለእሱ ብለው ፍጥነቱን ቀንሰው፣ ደጋግመው ወደ ኋላ እየዞሩ ሲያዩት። ያን ቀን ወርቅና ብሩ በእጃችን ስለገባ ነገሩ በፍቅር ይታወሳል፣ ይገባዋልም። ግን ሰውነቱ ለውድድር ሳይደርስ የሮጠ ሰው ብቻውን እንደማይሮጥ አሳይቶኛል። ሌሎችም በእሱ እግር ይሮጣሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ከውድድሩ የባሰ ነው። ሰነፍኩ ብዬ ራሴን ቀጣሁ። ሌሎቹ ሲያርፉ እኔ እወጣለሁ፣ ማታ ደግሜ እሠራለሁ። በባሰ ቁጥር እጨምራለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እየለቀምኩ እንደገና አፈስ ነበር። ሁለት ወር ተኩል እንዲህ ሆኜ ሚያዝያ ላይ አንድ ሐኪም ደም ወስዶ ሄሞግሎቢኔ 9.6 መሆኑን ነገረኝ። ለአንዲት ሴት ከ12 በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። «በዚህ ደም ነው የምትሮጪው?» አለኝ። መድኃኒት ሰጠኝ፣ ምስር፣ ጉበትና ጎመን ብይ አለኝ፣ አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋርም ሆነ ወዲያው ከምግብ በኋላ እንዳልጠጣ፣ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያደርጉ። እናቴ ይህን ስትሰማ የተቆጣችውን ቁጣ ለወባው አልተቆጣችም። «ምሳ በልቶ ቡና ሳይጠጣ የሚነሳ የጅማ ሰው የት ታየ?» በመጨረሻ ተስማማን፤ ቡናው ከምሳ በኋላ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ይፈላል። ጎረቤቶቻችን ልማዳችን ስለተለወጠ ቅር ብሏቸው ነበር፣ ኋላ ለመዱት።

እንግዲህ የመጣሁበት ነገር ይኸውና። ከዚያ ውድድር በኋላ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ውጤቱን እንደ መልስ ወሰድነው። «ይቺ ልጅ ለካ ይህን ያህል ናት።» ያ ውጤት ግን ስለ እኔ ምንም አልተናገረም። የወባ ውጤት ነበር። ሙሉ ኮንዲሽን ይዛችሁ ስትሸነፉ ሽንፈቱ የሚነግራችሁ ነገር አለ፤ የመጨረሻው ስድስት መቶ ሜትር ይጎድለኛል፣ ቁልቁለት ላይ እፈራለሁ፣ መጀመሪያ ላይ እቸኩላለሁ። ሳትደርሱ ስትሸነፉ ግን የምታገኙት ሐዘን ብቻ ነው፣ ሐዘኑ ደግሞ እንደ ትምህርት ለብሶ ይመጣል። እኔ ሁለት ዓመት ያህል የወባን ሰዓት እንደራሴ ሰዓት ተሸክሜ ዞርኩ።

ቀነኒሳን እዩ። በ10,000 ሜትር አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሳይወዳደር ቆይቶ ነሐሴ 22፣ 2003 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ተሰለፈ። አሥር ዙር ያህል ሲቀር ከመሙ ወጣ። ወርቁን ኢብራሂም ጄይላን አተረፈልን። ያን ቀን እዚሁ ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ አንድ ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ «አለቀለት» አለ። በመሃል እንቁጣጣሽ ገባ። መስከረም 5፣ በ19ኛው ቀን፣ ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26:43.16 ጨረሰው። በዚያ የፈረንጆች ዓመት ከዚያ የፈጠነ አልነበረም። «አለቀለት» ያለውን ሰውዬ በማግስቱ ፈልጌው አጣሁት።

አንዳንድ አሰልጣኝ ከዚህ ታሪክ «ውድድር ኮንዲሽን ያመጣል» የሚለውን ብቻ ነቅሶ ይወስዳል። ሊያመጣም ይችላል። እኔ የማየው ግን በጊዜ መውጣቱን ነው። የቀሩትን ዙሮች ለመጨረስ ሲል ራሱን ቢጨርስ ኖሮ መስከረም 5ን አናየውም ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግምቴ ነው።

አበበ ቢቂላንም ላንሳ፣ ምክንያቱም አሞኛል ለሚል ሯጭ ሁሉ የሚነገረው የእሱ ታሪክ ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2:12:11 አሸነፈ፣ ጨርሶም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። እኔም ጃንሜዳ መስመሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ይህንን ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ ግን፣ በዚያው በጥቅምት፣ 1961፣ ይኸው አበበ ሜክሲኮ ላይ የእግሩ አጥንት ተጎድቶ ገባ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ነው በ2:20:26 ያሸነፈው። ቶኪዮን ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሜክሲኮ ሲነሳ የሚነሳው ማሞ ነው፤ አበበ የወጣባትን ኪሎ ሜትር አንድም አሰልጣኝ ነግሮኝ አያውቅም። ወኔው በአራት ዓመት የቀነሰ ይመስላችኋል? ሰውዬው ያው ነው፣ አንደኛው ጊዜ እግሩ ደህና ነበር፣ ሁለተኛው ጊዜ አልነበረም።

ወላጆች፣ እናንተ ኳስ ታውቃላችሁ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በየጨዋታው ተቀይሮ የሚወጣ ነበር። እግሩን ይዞ ሲወጣ ታጨበጭቡለታላችሁ፣ «ፈሪ» የሚለው የለም። የእናንተው ልጅ ከሩጫ ብትቀር ግን ቤት ስትገባ የምትጠየቀው «ምን ሆነሽ ነው የፈራሽው» ነው። ይሄ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ እናንተ ንገሩኝ።

እኔ በሁለተኛው ዓመት ደሜ ሞልቶ፣ ሥራዬን ሠርቼ፣ በአገር ውስጥ አንድ ውድድር 10,000 ሜትር ሮጬ ሰባተኛ ወጣሁ። ሽልማት የለም፣ ፎቶ የለም። አሰልጣኜ አዝነው «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «የመጨረሻው ዙር ላይ ፍጥነት የለኝም ኮች፤ እሱን እንሥራ» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሰባተኛነት የራሴ ነበር፣ ጉድለቱም የራሴ። የሚሠራበት ነገር አገኘሁ። ከዚያ በኋላም ትልቅ ሯጭ አልሆንኩም፤ ሰባተኛዋን ግን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

አሁን ልጆች ሳሰለጥን «እንዴት ነሽ» ብዬ አልጠይቅም። ማለቴ፣ ሰላምታውን እላለሁ፣ ግን መልሱን አልጽፈውም። የምጠይቀው ሰላምታ የማይመልሰውን ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ ልብሽ በደቂቃ ስንት ጊዜ መታ? ሁልጊዜ 50 የሚል ልጅ ሁለት ቀን ተከታትሎ 60 ካለኝ ልምምዱን አስቀርለታለሁ፤ ሰውነቱ ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ደም ሳያስመረምር ጫማ አላስረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጅሬን አለልን። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት አይዋሽም። የት ላይ መራመድ ጀመርሽ? ከየትኛው ዛፍ አጠገብ? ለዚህ «ደህና ነኝ» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ባለፈው ወር ከልጆቼ አንዷ ለውድድር ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን መጣች። ጉንፋን ይዟት ከርሟል።

«ደህና ነኝ ኮች።»

«ጅሬን የት ላይ ቆምሽ?»

ዝም አለች። መሬት መሬት አየች። በኋላ «ከመታጠፊያው ላይ» አለች። መታጠፊያው ግማሽ መንገድ እንኳ አይሆንም።

የሌላዋን ቱታ እንድትይዝ አደረግኳት። አልቅሳ፣ ከዚያ ቱታውን ይዛ፣ ከዚያ ጓደኛዋ ስትጨርስ ሮጣ ሄዳ አለበሰቻት። እኔን ግን እስካሁን አኩርፋኛለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ በመስኮቱ በኩል። ከገባሁ ጀምሮ ዝናቡን ነው የምታየው።